እግር አይተው ካሜራ የሚመርጡት እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የነገረኝ ከሱቃቸው ጎን ሰዓት የሚጠግነው ሰውዬ ነው። የካሜራዬ የባትሪ ክዳን ተሰብሮብኝ ላሳያቸው ደረጃውን ስወጣ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት። «ምሳ ወጥተው ነው?» አልኩት። ሰውዬው ዓይኑ ላይ የሰካውን ማጉያ እንኳ ሳያወርድ፣ «አልሰማህም እንዴ! ከተቀበሩ ሰነበቱ እኮ» አለኝ። ንድድ አለኝ፤ ማን ላይ እንደሆነ እንጃ። ያን ሰሞን ክፍለ ሀገር ሰርግ ላይ ነበርኩ። ማንም አልደወለልኝም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲኖር ደውለው የሚነግሩኝ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓት ሠሪው ሻይ ላስመጣልህ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩት፤ አስመጣልኝ፤ ጠጣሁት።

ለማያውቋቸው ልንገራችሁ። እትዬ አስካለ ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ ሲወጣ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ፎቅ ላይ፣ ያገለገሉና ታድሰው የመጡ ካሜራዎች ይሸጡ ነበር። አጭር፣ ሞላ ያሉ፣ ድምፃቸው ጎርናና ሴት ናቸው። መነጽራቸውን በካሜራ ማንገቻ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ክረምት ከበጋ የወንድ ሹራብ ነው የሚለብሱት። አባታቸው ድሮ እዚያው ሰፈር ፎቶ ቤት ነበራቸው። ወንድሞቻቸው ካሜራ አንግተው ከሰርግ ሰርግ ሲዞሩ፣ እትዬ አስካለ ጓዳ ገብተው ፎቶ ያጥቡ ነበር። ማጠቡ ሲቀር መጠገን፣ ጥገናው ሲቀዘቅዝ መሸጥ ጀመሩ። ይሄን አንድ ቀን ማኪያቶ እየጠጣን ነው የነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንስተውት አያውቁም።

አሻሻጣቸው ለብቻው ነው። ሌላው ነጋዴ ካሜራውን ወልውሎ፣ አብርቶ፣ አሞጋግሶ እጅህ ላይ ያስቀምጥልሃል። እትዬ አስካለ ገና ሳትነካው ሕመሙን ይነግሩሃል። «ይሄ ጎማው ለቋል፣ ሲሞቅ እጅ ላይ ይጣበቃል። ያኛው ካርድ መክተቻው ውስጥ አንዷ ሽቦ ጠማማ ናት፤ ዛሬ ይሠራልሃል፣ ነገ ሙሽራዋ ፊት ያዋርድሃል።» አንድ ጎረምሳ ይሄን ሁሉ ሰምቶ፣ «እማማ፣ መሸጥ አይፈልጉም እንዴ?» ሲላቸው እኔም ነበርኩ።

«መሸጥማ እፈልጋለሁ። ተመልሰህ መጥተህ ስትጮህብኝ መስማት ነው የማልፈልገው። ደሞ እማማ አትበለኝ፣ ገና ነኝ!» አሉት። ልጁ ስቆ ሊሞት። ገዝቶ ሄደ።

ታድሶ መጣ የሚባል ዕቃ ላይማ አይጣል ነበሩ። «አንዳንዱ የታደሰ ሳይሆን የታጠበ ነው» ይላሉ። ፊቱን ጠርገው፣ አዲስ ፕላስቲክ አልብሰው፣ ካርቶን ውስጥ ከተው የሚልኩት አለ። ስለዚህ እሳቸው መጀመሪያ የሚያዩት ብሎኖቹን ነው። የብሎኑ አናት ከተላጠ ካሜራውን የከፈተው ተገቢው መፍቻ የሌለው ሰው ነው ማለት ነውና ወደ ጎን ይገፉታል። ቀጥለው ሌንሱ የሚገባበትን ቀለበት በጣታቸው ይዞሩታል። ከዚያ አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸቱታል፤ እርጥበት የመታው ካሜራ ተዘግቶ እንደከረመ ቁምሳጥን ይሸታል። በመጨረሻ ጆሯቸው ላይ አስደግፈው፣ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ያዳምጡታል። እኔ ደህና ነው ያልኩትን ስንቱን «ይሄ ደክሞታል፣ ይረፍ» ብለው መልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከተውታል።

እኔን «ሙሽራው» ነበር የሚሉኝ። አግብቼ አይደለም፤ ሥራዬ ሰርግ ማንሳት ስለሆነ ነው። ደረጃው ላይ ኮቴዬን ሲሰሙ፣ «ሙሽራው መጣ፣ እልል በሉ!» ብለው ፎቁን ያናውጡታል። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር፤ ኋላ ሳይሉኝ ሲቀሩ ነው ቅር የሚለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብሩክ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ ሴት ልጆችን ኳስ ያሠለጥናል። ልጆቹ ገና አሥራ ምናምን ዓመት ቢሆናቸው ነው። «ሲጫወቱ የሚያሳይ አንድ ፎቶ እንኳ የላቸውም፤ መጥተህ አንሳልኝ» አለኝ። ምን ችግር አለው ብዬ የሰርጉን ካሜራ ይዤ ሄድኩ።

ሰርግ የለመደ ሰው ሜዳ ላይ የሚሠራውን ጉድ አትጠይቁኝ። ማርታ የምትባለዋ በረኛ ጎንበስ ብላ፣ እጆቿን ዘርግታ ኳሱን ስትጠብቅ አየኋት። ፀሐዩ ከጎን መጥቶባት ታምራለች። አፌ ከልማዱ፣ «የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ቀና በይልኝ!» አለ። ልጅቷ ምን ታድርግ? እሷም ፎቶ ማለት ቀጥ ብሎ መቆም እንደሆነ ነው የምታውቀው። ቀና አለች፣ ማሊያዋን አስተካከለች፣ እጇን ወደ ጎን አድርጋ ፈገግ አለችልኝ። ኳሱ በአጠገቧ አልፎ ገባ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ብሩክ ግን አልሳቀም፤ «አንተ ሰውዬ፣ ለማን ነው የምትጫወተው?» አለኝ። ይባስ ብሎ ከዚያ በኋላ የካሜራው ቀጭታ በተሰማ ቁጥር አንዷ ዞራ ትገተራለች። ሳይዞሩ ያነሳኋቸው ደግሞ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ አቧራ ሆነው ወጡ። ኳሱማ የለም።

ሰኞ ዕለት ፎቶዎቹን ይዤ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን ሰክተው አንድ በአንድ አዩአቸው። «ይሄ ጭስ ነው ልጅ?» አሉኝ።

«ልጅ ናት።»

«እግዜር ያሳድጋት።»

አዲስ ቦዲ ያስፈልገኛል አልኳቸው፤ ሌንሱ ሳይቆጠር ዋናው የካሜራው አካል ማለቴ ነው። መደርደሪያው ላይ ዓይኔ ያረፈበት ነበረ፤ ታድሶ የመጣ፣ ትልቅ፣ ጥቁሩ የሚያብለጨልጭ፣ ሜጋፒክስሉ ለጉድ። ያንን ስጠቁም ሳቁብኝ።

«እሱ ለሙሽራ ነው። ሙሽራ ቁጭ ብላ ትጠብቅሃለች፤ እነዚህ ይጠብቁሃል? ፎቶው ትልቅ በሆነ ቁጥር ካሜራው ሲውጠው ይቆያል። እሱ እስኪውጥልህ ልጅቷ አግብታ ትመለሳለች፣ ጎሉን ማለቴ ነው።»

«ጨለማ ውስጥ ግን ጎበዝ ነው ይባላል።»

«ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«ታዲያ ፀሐይ ላይ ፋኖስ ምን ያደርግልሃል! አንተ የሚያስፈልግህ ፎከሱ የሚሮጥ ሰው ተከትሎ የማይለቅ፣ በአንድ ትንፋሽ ብዙ የሚያነሳ፣ ከሩቅ የሚያቀርብልህ ነው። አፍህን ይዘህ ከሩቅ እንድትቆም።» ቀጥለው ውስጡ ያለው ምስል መቀበያው፣ ሴንሰሩ፣ አነስ ያለ ቦዲ ለምን እንደሚሻለኝ አስረዱኝ፤ በዚያው ባለኝ ሌንስ ልጆቹን ቀረብ አድርጎ ያመጣቸዋል፣ የሚተርፈኝን ገንዘብ ሌላ ነገር ላይ አውለዋለሁ። ይሄን ሲናገሩ ሦስት ካሜራ ከመደርደሪያው አውርደው ባንኮኒው ላይ ደርድረዋል። ከዚያ ዘንቢላቸውን አነሱ።

ካሜራ ሱቅ ውስጥ አይፈትኑም፤ ይሄ የማይነካ ሕጋቸው ነው። ሦስቱንም ዘንቢል ውስጥ ከተው፣ በላዩ ሻርፕ ጣል አድርገው፣ ቆስጣ ልትገዛ የምትሄድ እናት መስለው ወደ አትክልት ተራ ይወርዳሉ። ገዢው ይከተላል። «የሚሮጥ ሰው ልታነሳ ከሆነ የሚሮጥ ሰው ጋ እንሂድ» ነው ነገሩ። የቲማቲም ሣጥን የተሸከሙት ሰዎች በዚያ ጭንቅንቅ መሀል «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ ይመጣሉ፤ ቀጥታ ወዳንተ ይሮጣሉ፣ ድንገት ወደ ጎን ይታጠፋሉ፣ ይቆማሉ፣ ይፈተለካሉ። ትከሻቸው ላይ ያ ሁሉ ሸክም እያለ ማንም ለፎቶ ቀጥ አይልልህም። በዚያ ላይ ሁሉም እትዬ አስካለን ያውቋቸዋል። «እትዬ፣ ዛሬም እኛን ነው?» ይላሉ፤ እሳቸውም ከእናንተ ሌላ ማን አለኝ ይላሉ።

የሚቀመጡበት ቦታ የታወቀ ነው፤ የጋሽ ሸምሱ ሽንኩርት መጋዘን በር ላይ፣ ጆንያ ላይ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከዚያ አይነሱም። እኔ አነሳለሁ፤ ካሜራውን ተቀብለው ያያሉ። መጀመሪያ ግራ የገባኝ ፎቶውን አቅርበው የሚያዩት ፊቱን አለመሆኑ ነው። ቀጥታ ወደ እግር ነው የሚወርዱት። ፊትማ ቀስ ነው የሚሄደው፣ የሚሮጥ ሰው ሩጫው እግሩ ላይ ነው፤ እግሩን ጥርት አድርጎ ካቆመልህ ሌላውን አትጠይቅ፤ ይሄ ነው ፈተናቸው።

የመጀመሪያው ካሜራ እንደ መትረየስ ያነሳና ድንገት ቀጥ ይላል፤ ሆዱ ሞላ። ሁለተኛው ሰውየው ሲታጠፍ ፎከሱ ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሦስተኛውን ሲሰጡኝ ፊቴን ሳላጨማድድ አልቀርም፤ ግንባሩ የተፋፋቀ፣ ጎማው በማጣበቂያ የተመለሰ፣ ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት መሀሏን ጥቁር መስመር ያቋረጣት። የአንዱን ተሸካሚ እግር ሳሳያቸው ግን የነጠላ ጫማው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሕመሙን ልንገርህ፤ ፍላሹ አይነሳም። ለሰርግ እንዳትይዘው፤ ለልጆቹ ግን እሱ ነው።»

ይሄኔ ጋሽ ሸምሱ ሚዛናቸውን ትተው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ከእትዬ አስካለ በዕድሜ ያንሳሉ። «ይሄ ደሞ ምን ሊያነሳ ነው?» አሏቸው።

«ኳስ የሚጫወቱ ሴት ልጆች።»

የጋሽ ሸምሱ ፊት ተለወጠ። «የብሩክ ልጆችን? የኔዋም እዚያ ናት፤ ፈቲያ።»

ፈቲያን እንዴት አላውቃት! የግራ ክንፏን። በዚያ ቅዳሜ ካበላሸኋቸው ፎቶዎች ግማሹ እሷ ናት፤ ከመፍጠኗ የተነሳ አንዱም ላይ አልተገኘችም። ደስ ብሎኝ፣ «ጋሽ ሸምሱ፣ የእርስዎ ልጅ ናት እንዴ? በጣም ጎበዝ እኮ ናት!» አልኳቸው።

«ጎበዝ ትሁን። ይሄ ወር ሲያልቅ ይበቃሻል ብያታለሁ።» ተቆጥተው አይደለም የተናገሩት፤ ያለቀለት ነገር እንደሚነገር ነው። «ምን ጎድሎባት ነው ሜዳ ላይ ከሰው ጋር ስትጋፋ የምትውለው? ደብተር ስትል ደብተር፣ ልብስ ስትል ልብስ። ወላሂ፣ ጠይቃኝ የነፈግኳት ነገር የለም።»

«ስትጫወት አይተሃታል?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ቅዳሜ? ቅዳሜ ገበያዬን ለማን ትቼ?»

ነገሩን ለብሩክ ስነግረው ያውቅ ኖሯል። ፈቲያ ራሷ ነግራዋለች። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እኔን አትቁጠረኝ፤ ቦታዬን ግን ቶሎ ለሌላ እንዳትሰጥብኝ» ብላ ከጎሉ ጀርባ ሄዳ ስታለቅስ ቆየች አለኝ። አባቷን ሄዶ ሊያናግር ሲል ደግሞ፣ «አይሆንም፣ አባዬ ላይ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ» አለችው።

እትዬ አስካለ ከአትክልት ተራ ሽቅብ ስንመለስ በየመንገዱ ይቆማሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው። ለወትሮው ሲቆሙ ወይ አላፊ አግዳሚውን ይተርባሉ፣ ወይ እኔን። ያን ቀን ማንንም አልተረቡም። ጊዮርጊስ አጠገብ ስንደርስ ብቻ፣ «ልጅቷን አንሳት» አሉኝ።

«ማንን?»

«ማንን ይለኛል እንዴ! የሸምሱን ልጅ ነዋ። ጥርሷን ብቻ ይዘህልኝ እንዳትመጣ። ሙሉዋን፣ ከነእግሯ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የተፋፋቀውን ካሜራ ይዤ፣ ከማዕዘኑ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አፌን ዘጋሁ። ማርታ ሁለት ጎል የሚሆን ኳስ ስታድን ሜዳው ላይ መኖሬንም አላወቀች። ፈቲያ ግን፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ኳሱን ስትቀበል ትከሻዋን ወደ ቀኝ ታሳይና በግራ ታመልጣለች፤ ልጆቹ ይሄን እያወቁም በየጊዜው ይሸወዳሉ። ካሜራው አልለቀቃትም። ስትገባም፣ ስትወጣም፣ ስትወድቅም ያዛት። አንድ ጎል አግብታ እጆቿን ዘርግታ ወደኔ አቅጣጫ ስትሮጥ በሳቅ የተከፈተ ፊቷ ጥርት ብሎ መጣልኝ። በቃ፣ አገኘሁ አልኩ።

ሱቅ ስደርስ ያንን ነው ያስቀደምኩት። እትዬ አስካለ «ቆንጆ ናት» አሉና አለፉት። ሌሎቹን ማየት ቀጠሉ። አንዱ ላይ ቆሙ። ፈቲያ መስመሩ ላይ ሊወጣ የነበረ ኳስ ለማዳን ስትሮጥ ነው፤ ሰውነቷ አዘንብሏል፣ ግማሽ ፊቷን ፀጉሯ ሸፍኖታል፣ አንድ እግሯ አየር ላይ ወደ ካሜራው ተዘርግቷል። ወደ እግሯ ወረዱ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄን አትምልኝ። ትልቅ አድርገህ።»

«እትዬ፣ ፊቷ እኮ በደንብ አይታይም። የምትስቅበት እያለ?»

«ስትስቅማ ሸምሱ ቤቱም ያያታል።»

እኔ ያን ጊዜ ያየሁት ጥሩ ሩጫ ብቻ ነው፤ እሳቸው ያዩትን አላየሁም፣ አልነገሩኝምም። ነገውኑ ለጋሽ ሸምሱ ልውሰድላቸው ስል ደግሞ ተቆጡ። «ቅዳሜ ነው የምንሰጠው፣ ረፋዱ ላይ።»

«ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው፤ ቀና ብለውም አያዩን።»

«ሌላ ቀን ከሰጠኸው ቆንጆ ነው ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሲያየው ልጅቷ ሜዳ ላይ መሆን አለባት። አሁን ገባህ፣ ሙሽራው?»

ቅዳሜ ሄድን። ጋሽ ሸምሱ በደንበኛ ተከበዋል፤ አንዷ ትቀንሳለህ አትቀንስም ትላለች፣ ሌላው አስቀድሞ የከፈለውን ጆንያ ይጎትታል። እትዬ አስካለ የተለመደው ቦታቸው ተቀምጠው ጠበቁ። እኔ ያሳተምኩትን ፎቶ አቀበልኳቸው። ሰዉ ገለል ሲል፣ «ሸምሱ፣ ና እስቲ፣ ይሄን እይልኝ» አሏቸው።

ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ፎቶውን ተቀበሉ። ወዲያው ለዩዋት። «ማሻአላህ! ይቺን ነገር፣ ሽው ስትል!» አሉና ፈገግ አሉ። እኔም ልቤ ረጋ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ጣታቸውን እግሯ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ጫማ የማን ነው?»

«የወንድሟ ነው» አሉ ራሳቸው። «የዛሬ ዓመት አውጥቼ የጣልኩት ጫማ ነው።» አሁን እኔም አየሁት። ጫማው ለእግሯ በጣም ትልቅ ነው። ሶሉ ከፊት ለፊት አፉን ከፍቷል፤ እንዳይለቅ ከላይ እስከ ታች በሲባጎ ተጠምጥሟል። በክፍተቱ ጣቷ ይታያል። ጋሽ ሸምሱ ዞር ብለው ጆንያ የሚሰፉበትን አረንጓዴ ሲባጎ አዩ፤ መልሰው ፎቶውን አዩ። «ሲባጎው የኔ ነው» አሉ። ድምፃቸው ሰለል ብሎ ነበር። «ጠይቃኝ እምቢ ያልኳት ነገር እኮ የለም። ለምን አልጠየቀችኝም?»

እትዬ አስካለ ለማንም ለስለስ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሰማሁ። «ብትጠይቅህ መጫወቷ ትዝ ይልሃላ።»

አንዲት ሴትዮ አምስት ኪሎ እያለች ጮኸች፤ ጋሽ ሸምሱ አልሰሟትም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቁጥሯ ስንት ነው? የጫማዋ» አሉኝ። ከየት ልወቀው? አላውቅም አልኳቸው። «እኔም አላውቅም» አሉ። አፈሩ፤ እኔም አፈርኩላቸው።

«ሂድና ጠይቃታ» አሉ እትዬ አስካለ።

«ገበያውስ?»

«እኔ እይዝልሃለሁ። ሽንኩርት መመዘን ያቅተኛል?»

ሽርጣቸውን ሳይፈቱ፣ ፎቶውን እንደያዙ ወጡ። ተከተልኳቸው። ሰው መሀል እየተሽሎከሎኩ፣ እንደ ተሸካሚዎቹ «ዞር በል!» እያሉ ነው የሄዱት። ሜዳው ጋ ስንደርስ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል። ጋሽ ሸምሱ መስመሩ ዳር ቆሙ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ፈቲያ ኳሱን ይዛ በግራ ስትመጣ አየቻቸው። ቆመች። ኳሱን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ሊወስዷት የመጡ መስሏት፣ አባቷን አየች። ሌሎቹም ቆሙ። ብሩክ ወደኔ ምን ጉድ ነው ብሎ አየ። ጋሽ ሸምሱ አንዴ ጫማዋን አንዴ ፊቷን አዩ። ከዚያ ያ ሽንኩርት የሚሸጡበት ድምፅ ወጣ።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሩጪ እንጂ!»

ልጅቷ ቶሎ አልገባትም። «ሩጪ!» አሉ እንደገና፣ እጃቸውን ወደ ጎሉ እየወረወሩ። ሮጠች። ኳሱን በመጨረሻ ለበረኛዋ አሳቅፋ ሰጠቻት፣ ጎል አልሆነም፤ ጋሽ ሸምሱ ግን ያለ ይሉኝታ ሲያጨበጭቡ፣ ብሩክ ጀርባውን ሰጥቶ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ጨዋታው ሳያልቅ ለእትዬ አስካለ ልነግራቸው ወደ አትክልት ተራ ተመለስኩ። ሚዛኑ ፊት ቆመዋል፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው ቆመዋል። ደንበኞች ከበው ያዋክቧቸዋል። ሲያዩኝ ሚዛኑ ላይ ሊጥሉት የነበረውን ሽንኩርት እጃቸው ላይ አስቀሩት።

«ጮኸባት?» አሉኝ።

«ጮኹ።»

ፊታቸው ወረደ። «ምን ብሎ?»

«ሩጪ ብለው።»

አንገታቸውን ደፉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉት፣ መልሰው ሰኩት፣ እንደገና አወለቁት። ቆይተው፣ ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «እኔን ሁሉም ቁጭ በይ ነበር ያለኝ» አሉ። «አባቴም፣ ወንድሞቼም፣ ያገባሁትም። ሩጪ ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

መነጽራቸውን ሰክተው ከፊታቸው ወደቆመችው ደንበኛ ዞሩና፣ «ስንት ኪሎ ነው ያልሽኝ?» አሏት።